ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ደብረ ብርሃን ላይ ጥርስ አክማለሁ። ከሰሜን ሸዋ ልጆች ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን እነሆ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ አንድ የታች መንጋጋ ጥርሴን ካስነቀልኩ ቆየ። አይታይም፤ ለምን ገንዘብ ላውጣ?

መልስ፦ ክፍተቱ ባለበት አይቆይም። በጎንና በጎን ያሉት ጥርሶች ቀስ በቀስ ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ። ከላይ ያለው ትይዩ ጥርስ የሚያርፍበት ስለሚያጣ ወደ ታች ይወርዳል። አጥንቱም ይቀንሳል፤ ብዙው የሚቀንሰው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ስለዚህ በዘገዩ ቁጥር ሥራው ይከብዳል፣ ወጪውም ይጨምራል። የወጣው ዘግይቶ የሚበቅለው የመጨረሻው መንጋጋ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ መተካት አያስፈልገውም።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ብሪጅ ይሻለኛል ወይስ ኢምፕላንት?

መልስ፦ መጀመሪያ የማየው ጎንና ጎን ያሉትን ጥርሶች ነው። ብሪጅ ለመሥራት ሁለቱ ይሞረዳሉ፤ ከዚያ ሦስት የተያያዙ ጥርሶች ይለበጡባቸዋል። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አያድግም። ሁለቱ ቀድሞም የተበሉ ወይም ትልቅ ሙሌት ያለባቸው ከሆኑ ብሪጅ ጥሩ ነው። ምንም ያልነካቸው ከሆኑ ግን እባክዎ ቸኩለው አያስሞርዷቸው፤ እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይህ ነው። ኢምፕላንት አጥንት ውስጥ የሚተከል የታይታኒየም ብሎን ነው። ስዊድናዊው ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያውን ታካሚ ያከመው አጥንት ከታይታኒየም ጋር እንደሚዋሐድ ካየ በኋላ ነው። ለመዋሐድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ሲጋራ የሚያጨሱ ወይም ስኳርዎ ከፍ ብሎ የቆየ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩን። አቅም ካልፈቀደ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስም አለ፤ እሱም ሥራ ይሠራል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ለእናቴ ሙሉ ጥርስ አሠራንላቸው። የላይኛው ደህና ነው፣ የታችኛው ግን ይንቀሳቀሳል።

መልስ፦ የላይኛው ላንቃውን ሙሉ ስለሚሸፍን በምራቅ ይለጠፋል። የታችኛው የሚያርፍበት ጠባብ ነው፣ ምላስም ይገፋዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅንጬና በሶ ይቅደም፤ የገብስ ቆሎው ይቆይ። በሁለቱም ጎን እኩል ያላምጡ። ካቆሰላቸው ቤት ውስጥ አትሞርዱት፤ ወደ ሠራው ባለሙያ ይዛችኋቸው ሂዱ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አጥንቱ ስለሚቀንስ ውስጡ እንደገና መሞላት ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ የሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ መውለቅ አለበት?

መልስ፦ አዎ፣ ድዱ ይረፍ። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይደር። የፈላ ውኃ ቅርጹን ያጣምመዋል። በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ይታጠብ፤ የጥርስ ሳሙና ይቧጭረዋል። ስታጥቡት ከሥር ውኃ ያለበት ሳፋ አድርጉ፤ ቢያመልጣችሁ እንኳ አይሰበርም።

ጥያቄ (ከእነዋሪ)፦ የአባቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሰብሮ በሱፐር ግሉ ላጣብቀው ነበር።

መልስ፦ ተዉት። ትንሽ እንኳ ከተዛነፈ ድዱን ያቆስላል፤ ለእኛም መጠገኑ ይከብደናል። ስብርባሪውን በሙሉ ለቅመው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ያምጡት። ብዙውን ጊዜ ይጠገናል።