የአሮጌ መኪና ማብሪያ ከመፍታታችሁ በፊት

በመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ ገና ጀማሪ ለሆናችሁ ወጣቶች፣

ከአርባ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ዛሬ ልጽፍላችሁ የወደድሁት ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ፣ በቆዩ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ስላለችው የመብራት ማብሪያ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ቮልስና አሮጌ ላንድሮቨር ያላቸው ሰዎች መኪናቸውን ከበፊቱ ይልቅ አጥብቀው እንደሚይዙ አምናለሁ፤ ስለዚህ እነዚህ መኪኖች ወደ እናንተም እጅ መምጣታቸው አይቀርም።

በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ሥራውን የተማርሁት በቮልስ ላይ ነበር። በጀርመን መኪና ቡናማ ሽቦ ማሳ ነው፤ ማለት ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የኃይል መመለሻ፤ ይህን በቃሌ ይዤ፣ ገና ረዳት ሳለሁ፣ አንድ ላንድሮቨር መጣና ማብሪያውን እንድቀይር ታዘዝሁ። ባትሪውን ሳልነቅል፣ በሽቦዎቹም ላይ ምልክት ሳላደርግ ሁሉንም ፈታሁና፣ ቡናማውን ያለ ጥርጥር ከመኪናው አካል ጋር አሰርሁት። በእንግሊዝ መኪና ግን ቡናማው በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣው ሽቦ ነው፤ በመካከሉም ፊውዝ የለበትም። አለቃዬ ሮጠው ባትሪውን እስኪነቅሉ ድረስ የሽቦው ልባስ ከዳሽቦርዱ እስከ ሞተሩ ክፍል ነድዶ አለቀ። ያንን መኪና እንደገና ሽቦ ለመዘርጋት ሳምንት ፈጀብኝ፤ የዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ግን እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ስለዚህ ቀለምን ብቻ አትመኑ። በጀርመን መኪኖች ማብሪያ ጀርባ ላይ፣ ሽቦው በሚገባበት ቦታ፣ ቁጥር ተቀርጾ ታገኛላችሁ፤ 30 በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ፣ 15 ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኝ፣ 31 ማሳ፣ 56 የፊት ትልቁ መብራት፣ 58 የትናንሾቹና የኋላ መብራቶች ነው። እነዚህን ቁጥሮች አንድ ጊዜ ካጠናችሁ በማናቸውም የጀርመን መኪና ላይ ያገለግሏችኋል። እንግሊዞቹ በአብዛኛው በቀለም ይሠራሉ፤ ቡናማ ከባትሪ፣ ነጭ ከቁልፍ፣ ሰማያዊ ለትልቁ መብራት፣ ቀይ ለትናንሾቹ፣ ጥቁር ለማሳ። ደግሞም አንዳንድ የቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች ማሳቸው ፖዘቲቩ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ የባትሪውን ገመድ እስከ መጨረሻው ተከትላችሁ ተመልከቱ። በሃምሳ ዓመት ሙቀትና አቧራ ቀይ ሽቦ ቡናማ ሊመስል ይችላል፤ እውነተኛ ቀለሙን ለማየት ሽቦው በተጠቀለለበት ቴፕ ሥር፣ ፀሐይ ያላገኘውን ክፍል ገልጣችሁ እዩት። በስልክ ፎቶ ማንሳት መልካም ነው፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ቁጥሩን የጻፋችሁበት ፕላስተር ሳትለጥፉ አንዱንም አትንቀሉ።

በቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ፣ ባትሪውን ለመንቀል ወንበሩን ማንሳት የሚሰለቻቸውን ብዙ አይቻለሁ። እባካችሁ አንሡት። የነዳጅ ጋኑ ከፊት ኮፈኑ ሥር፣ እናንተ እጃችሁን ከምታስገቡበት ከዳሽቦርዱ ጀርባ አጠገብ ነው ያለው፤ እዚያ የምትፈጠር ብልጭታ ከፊውዝ መቃጠል የከፋ ነገር ታመጣለች።

የማብሪያው ራስ በእጅ ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። ካስቸገረ ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በፒንሳ ያዙት እንጂ ራሱን አትጭመቁት፤ የቆየ ፕላስቲክ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። ከሥሩ ያለችውን ቀለበት በካቻቢቴና በመዶሻ የሚመቱ አሉ፤ በአንድ ምት የሚሄደው የዳሽቦርድ ቀለም በማናቸውም ገንዘብ እንደነበረ አይመለስም። እኔ ከአሮጌ ቱቦ ጫፍ ላይ ሁለት ጥርስ በሞረድ አውጥቼ የሠራሁት መፍቻ ሠላሳ ዓመት አገልግሎኛል። ከዚያ በኋላ ከፊት ሻንጣው በኩል ያለውን ካርቶን አንሥታችሁ ማብሪያውን ወደ ኋላ ታወጡታላችሁ።

ነገር ግን ባትሪውን ከመንቀላችሁና ማብሪያውን ከማውጣታችሁ በፊት፣ መብራቱ ጨርሶ ካልጠፋ፣ መብራቱን አብርታችሁ በማብሪያው መግቢያና መውጫ መካከል ያለውን ቮልት በቴስተር ለኩ። ከግማሽ ቮልት በላይ ከጠፋ ውስጡ ዝጓል ወይም ተቃጥሏል፤ ከዚያ በታች ሆኖ መብራቱ ከደከመ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ማሳው ላይ ነው። ብዙ ደህና ማብሪያ ያለ ጥፋቱ ሲጣል አይቻለሁ። በእርግጥ ተቃጥሎ ከሆነ ደግሞ ማን እንዳቃጠለው ጠይቁ። በ12 ቮልት ሁለት ባለ 45 ዋት አምፖሎች 7.5 አምፔር ይስባሉ። ባለቤቱ ብርሃን ፈልጎ ባለ 100 ዋት ካስገባ ከ16 አምፔር በላይ በዚያች ቀጭን ናስ ላይ ያልፋል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ አዲስ ማብሪያ ብቻ ገጥሞ መስጠት ለእኔ ከማታለል አይለይም፤ ወይ አምፖሉ ወደ ልኩ ይመለስ፣ ወይ ዋናው ኃይል በሪሌ፣ ማለት በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል በሚያበራና በሚያጠፋ ዕቃ፣ በኩል እንዲያልፍ ሽቦውንም በልኩ ለውጣችሁ ሥሩት።

ተለዋጭ ስትፈልጉ አዲስ አበባ ወዳለው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ሂዱና ታገሡ። አስመስለው ከሚሠሯቸው አዳዲሶች ይልቅ፣ ተፈትቶ የጸዳ የፋብሪካው አሮጌ ማብሪያ ይሻለኛል። ስትፈቱት በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ፍቱት፤ በውስጡ ያለችው ሞላ ከተፈናጠረች አታገኟትም።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ባትሪውን ወዲያው አትሰሩ። ሁሉንም ነገር አጥፍታችሁ፣ በማሳው ገመድና በባትሪው ጫፍ መካከል አንድ አምፖል አስገቡ፤ ደምቆ ከበራ አንድ ሽቦ ቦታውን ስቷል፤ ምንም ሳይቃጠል አወቃችሁ ማለት ነው። የወጣውን ማብሪያም የመኪናውን ዓይነትና ዘመን በጻፋችሁበት ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ለባለቤቱ መልሱለት፤ እምቢ ካለ እናንተ አስቀምጡት።