1500 ዋት የሚለው የመኪና አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ለ300 ዋት ሰብውፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ይሆናል ወይ ላልከው

ካርቶኑ ላይ ያለውን 1500 እርሳው። ሰብውፈርህ 300 ዋት አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚችለው ጉልበት)፣ ሁለቱም ኮይሎቹ (ውስጡ ያሉት የሽቦ ጥቅልሎች) ባለ 4 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ከሆኑ፣ በ2 ኦም ከ250 እስከ 300 ዋት አርኤምኤስ የሚሰጥ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) አምፕሊፋየር ይበቃሃል። ኮይሎቹን በፓራለል (ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ) እሰራቸው፣ 2 ኦም ይሆናሉ። በሲሪስ (አንዱን ከአንዱ አስከትለህ) ካሰርካቸው 8 ኦም ይሆናሉ፣ ጉልበቱም ይወርዳል።

ደብረ ማርቆስ ያለው ሱቅ ስትሄድ መጀመሪያ የአምፕሊፋየሩን ፊውዝ እይ። 30 አምፔር ከሆነ፣ በ14 ቮልት ስታባዛው 420 ዋት ነው። እሱም ከባትሪ የሚገባው እንጂ የሚወጣው አይደለም፤ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ታዲያ 1500 ከየት ይመጣል? ክላስ ዲ (ብዙ ጉልበት በሙቀት የማያባክን ዓይነት) ከሆነ 300 ገደማ ሊሰጥህ ይችላል፣ ግዛው። ግን የ1500 ዋጋ እንዳትከፍል!

ደግሞ ገመድ ላይ አትሰስት። እኔ ብር ላተርፍ ብዬ ቀጭን ገመድ ያለ ፊውዝ ዘረጋሁ። አባይ በረሃን ወደ ደጀን ስወጣ የሆነ ነገር ሸተተኝ። ክላች መስሎኝ ቆሜ ክላቹን ስረግም የገመዱ ፕላስቲክ ቀልጦ ቦዲው ላይ ተጣብቋል። ንጹህ መዳብ ወፍራም ገመድ ግዛ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገባ።