ለመጀመሪያ የአጋዘን አደን፦ 308 ወይስ 6.5?

ወንድሜ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ለመጀመሪያ የአጋዘን አደንህ 308 ዊንቸስተር የሚተኩስ ጠመንጃ ልግዛ ወይስ 6.5 ክሪድሞር (ሁለቱም የጥይት ዓይነቶች ናቸው) ብለህ ነው የጠየቅከው። እኔ ከ308 አልላቀቅም። ከ1952 ጀምሮ ያለ ነው፤ ጥይቱም በየሱቁ አለ። አንተ ግን 6.5ቱን ውሰድ። ትከሻ ላይ ይቀላል። ኃይለኛ የሚረግጥ ጠመንጃ ጀማሪን ቃታ ሲስብ ዓይኑን ያስጨፍነዋል፤ ያኔ ጥይቱ ሆድ ላይ ያርፋል።

ከጠመንጃው በላይ የሚያሳስበኝ የጥይቱ ዓይነት ነው። ጫፉ ድረስ የተሸፈነውን የወታደር ጥይት እንዳትሞክር! ሳይከፈት በስቶ ያልፍና እንስሳውን አቁስሎ ይሰደዋል። የኮሎራዶ ሕግም ለአጋዘን ሲመታ የሚከፈት፣ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ስፋትና 70 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) ክብደት ያለው ጥይት ይጠይቃል።

ለ308ቴ የእኔ ምርጫ 150 ግሬን ንጹህ የመዳብ ጥይት ነው። እርሳስ ያለበት ሲበታተን ብናኙ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ያን ሥጋ ደግሞ ልጆቼ ናቸው የሚበሉት። አምና አንዱን የመዳብ ጥይት ከአጋዘኑ ቆዳ ሥር አወጣሁት። ጫፉ እንደ አበባ ተከፍቷል፣ አንድም ቅጠል አልጎደለውም። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ግን ያዋጣል።

ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ሳንባው ላይ አነጣጥር። ከመውጣትህ በፊትም በዚያው በምታድንበት ጥይት እየተኮስክ የጠመንጃህን ማነጣጠሪያ መነጽር አስተካክል።