መርፌዋን ጠብቋት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ባህር ዳርና ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ወይም ኤሌክትሪካል ለምትማሩት ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ጄኔሬተር ሥር ነው።

ወጣት ሳለሁ በአንድ ማመንጫ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አንድ ጄኔሬተር ከዋናው መስመር ጋር እንዳገናኝ ታዘዝኩ። ሲንክሮስኮፕ የሚባል ክብ መሣሪያ አለ። መርፌዋ ቀስ እያለች ትዞራለች። ላይኛው ጫፍ ስትደርስ ማሽኑና መስመሩ ገጠሙ ማለት ነው፤ ብሬከሩን፣ ማለትም ማሽኑን ከመስመሩ የሚያገናኘውን ትልቅ ማብሪያ፣ የምትዘጉት ያኔ ነው። እኔ ግን ቸኮልኩ። መርፌዋ ገና በጎን እያለች ዘጋሁት። ግው አለ! ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ መከላከያው ማሽኑን ወዲያው ከመስመር አወጣው። አለቃዬ አልተቆጡኝም። አጠገቤ ቆመው መርፌዋን አሥር ዙር ምንም ሳልነካ እንዳያት አደረጉኝ።

የጣና በለስ የውሃ ኃይል ማመንጫ 4 ማሽኖች አሉት፤ አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው። በአገሩ መረብ ላይ ያለ ጄኔሬተር ሁሉ በአንድ 50 ሄርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ዑደት፣ ይሄዳል። የሚያስተሳስራቸው ሽቦው ነው። ቀድሞ የሮጠው ጭነት ይበዛበትና ይዘገያል፤ የዘገየው ይቀለውና ይደርሳል።

መረቡ የተናወጠ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ብዙዎቻችሁ ሁሉን አንድ በአንድ መያዝ ያለባችሁ ይመስላችኋል። በማኅሌት ቆማችሁ አይታችሁ ከሆነ ግን መልሱን ታውቁታላችሁ። መቋሚያው ሁሉ አንድ ላይ ይዘማል። ለእያንዳንዱ ካህን «አሁን» የሚል የለም። ከበሮ መቺዎቹ ሁለት ናቸው፤ እነሱ ሲያፈጥኑ ጉባኤው በሙሉ ይፈጥናል። በኔትወርክ (በመረብ) ሳይንስም ጥቂት ቋጠሮዎችን፣ ማለትም ክሮቹ የሚገናኙባቸውን ነጥቦች፣ ብቻ መያዝ ሌላውን ሁሉ ሊያረጋጋ ይችላል። በተለይ ብዙ ክር የሚገናኝባቸውን መያዝ። ስለዚህ ኃይላችሁን ከመጨመራችሁ በፊት ከበሮው የት እንዳለ ፈልጉ።

በ1990 እ.ኤ.አ. ፔኮራና ካሮል የሚባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ቀውስ (ኬኦቲክ) ሥርዓቶች፣ ማለትም ጥቂት ልዩነት ፈጥኖ የሚገዝፍባቸው፣ በትክክል ከተገናኙ አንድ ላይ ሊሄዱ እንደሚችሉ አሳዩ። እኔ ይህን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ አትዘግዩ።

ይህንኑ በዓይናችሁ እንድታዩ ዛሬ ማታ ኤክሴል ክፈቱ። በአንድ ዓምድ 0.3፣ በሌላው 0.3001 ጻፉ። እያንዳንዱን ቁጥር ከ1 ላይ ቀንሱ፤ የቀረውን በራሱ በቁጥሩ አባዙት፤ ከዚያ በ4። ውጤቱን ይዛችሁ እንደገና ጀምሩ። አሥራ አምስት ዙር ሳይሞላ ሁለቱ ዓምዶች አይተዋወቁም።

አሁን በየዙሩ እያንዳንዱ ዓምድ የራሱን ውጤት 90 በመቶ፣ የጎረቤቱን 10 በመቶ ይውሰድ። አሁንም ይለያያሉ። ወደ 70 እና 30 ቀይሩት፤ መቶ፣ ሁለት መቶ ዙር ይሂድ። ቁጥሮቹ እንደ ድሮው ይዘላሉ፤ ግን ሁለቱ እኩል እየዘለሉ ነው። ድንበሩ የጎረቤቱ ድርሻ 25 በመቶ ሲሆን ነው። ለምን 25 እንደሆነ ግን በወረቀት አውጡት፤ እኔ አልነግራችሁም።