አናቱን አይቁረጡት፦ ፍሬው ስለጎደለ በቆሎ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄዎን ባጭሩ ልድገመው። በአጥርዎ ጥግ በአንድ መስመር የዘሩት በቆሎ ከሰው ቁመት በላይ አድጎ፣ እሸቱ ሲላጥ ግን ፍሬው እዚህም እዚያም ጎድሎ ተገኘ። ቀትር ላይ ቅጠሉ ይጠቀለላል። ከአፈር በላይም ወፋፍራም ሥር አውጥቷል። ጎረቤትዎ ደግሞ «አናቱን ቁረጪው፣ ጉልበቱ ወደ እሸቱ ይውረድ» ብለውዎታል። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በልማት ሠራተኛነት ስሠራ ይህ ምክር በየመንደሩ ይሰማ ስለነበር ከእሱ ልጀምር፤ አናቱን አይቁረጡት።

በቆሎ የጤፍ፣ የስንዴ፣ የማሽላና የዳጉሳ ዘመድ ነው፤ ሸንኮራ አገዳና ቀርከሃም ከዚሁ ከሣር ቤተሰብ ናቸው። አንጓ ያለው አገዳ፣ ግርጌው አገዳውን ዙሪያውን የሚያቅፍ ረጅም ቅጠል፣ አንድ ዋና ሥር በመስደድ ፈንታ በብዛት የሚዘረጋ ቀጫጭን ሥር፤ ይህ የሁሉም ነው። በአበባው ግን ይለያል። ጤፍና ስንዴ ወንዴና ሴቴውን በአንዲት ትንሽ አበባ ውስጥ ስለሚይዙ በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ያራባሉ፤ ለብቻው የበቀለ የጤፍ ዘለላም ፍሬ ይይዛል። በቆሎ ሁለቱን ለያይቷቸዋል። አናቱ ላይ የተበተነው ወንዴው ነው፤ ሴቴዋ ከአገዳው መሃል፣ ቅጠሉና አንጓው ከሚገናኙበት የምትወጣው እሸት ናት።

የችግርዎ መነሻም እዚህ ላይ ነው። እሸቱ ጫፍ ላይ የሚወጣው ጸጉር እያንዳንዱ ክር ከአንድ ፍሬ ቦታ የተነሳ ነው። ክሩ ላይ ከአናቱ ወንዴ የሚረግፈው ዱቄት፣ ማለትም ብናኝ ካረፈ፣ ከብናኙ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ በክሩ ውስጥ ቁልቁል ይወርድና በአንድ ቀን ገደማ ታች ይደርሳል፤ ፍሬ ይያዛል። ካላረፈ ያ ቦታ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ እርስዎ ያዩት እያንዳንዱ ጎደሎ ብናኝ ያልደረሰው አንድ ክር ነው። አንድ ወንዴ በሚሊዮን የሚቆጠር ብናኝ ቢያራግፍም ብናኙ ከሌሎች ብዙ አበቦች ብናኝ ይልቅ ከባድ ስለሆነ አብዛኛው ጥቂት ሜትር ሳይርቅ ይወድቃል፤ ፀሐይ ሲበረታም በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። በአጥር ጥግ በአንድ መስመር ሲዘሩት ነፋሱ ወደ ጎን ይዞት ይሄድና መንገድ ላይ ይደፋዋል። አናቱ ከተቆረጠ ደግሞ ጭራሽ ምንም የለም። ምርጥ ዘር የሚያባዙ እርሻዎች ላይ ሠራተኞች የሴቴውን መስመር አናት እየነቀሉ የሚያልፉት በራሱ ብናኝ እንዳይራባ ብለው ነው፤ እዚያ ግን አጠገቡ ሌላ ወንዴ መስመር ተዘርቶለታል።

ለከርሞ ያንኑ ያህል ዘር በአንድ መስመር ሳይሆን በአራትና አምስት አጫጭር መስመሮች፣ በመስመር መሃል 75፣ በተክል መሃል 30 ሳንቲ ሜትር እያራራቁ ይዝሩት። ዘንድሮ ጸጉሩ ገና ትኩስ የሆነ እሸት ካለዎት፣ ጠዋት ጤዛው እንደደረቀ አናቱን ወረቀት ውስጥ ያራግፉና ብናኙን ጸጉሩ ላይ ይነስንሱ፤ ለተከታታይ ጥቂት ቀናት ይድገሙት። መያዙን ለማወቅ አንዱን እሸት ቆርጠው ልባሱን በጥንቃቄ ይላጡና ያራግፉት። ፍሬ የያዘው ክር ይረግፋል፣ ያልያዘው እንደተጣበቀ ይቀራል። ጎደሎው ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ ብዙም አይጨነቁ፤ የጫፉ ክር መጨረሻ ስለሚወጣ ብናኙ አልቆ ይደርሳል። (እግረ መንገድዎን ረድፎቹን ይቁጠሯቸው፤ 12፣ 14፣ 16 እያለ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር ሆኖ ያገኙታል። አበቦቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚበቅሉ ነው።)

የቅጠሉ መጠቅለል በሽታ አይደለም። በቅጠሉ የላይኛው ገጽ ውኃ የሚያቁሩ ትልልቅ ሕዋሳት አሉ፤ ውኃቸው ሲጎድል ይሟሽሹና ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ለፀሐይ የሚጋለጠውም ገጽ ይቀንሳል። ማታ ከተዘረጋ ይተዉት። ጠዋትም ተጠቅልሎ ካገኙት ግን ያጠጡት፤ በተለይ ጸጉር በሚያወጣበት ሰሞን። ያን ጊዜ ከተጠማ ጸጉሩ ይዘገይና ብናኙ ካለቀ በኋላ ይወጣል፤ ይህም ያው ጎደሎ ነው። ቅጠሉ ሲዘረጋ ደግሞ ዝናቡን ወደ አገዳው ያንቆረቁረዋል። ጥሩ አሠራር ነው፤ ምን ያደርጋል፣ በ2009 ዓ.ም. የገባብን መጤ ተምችም የሚደበቀው እዚያው እምብርቱ ውስጥ ነውና አልፎ አልፎ ገለጥ አድርገው ይዩት።

ከአፈር በላይ ያለውን ሥር እንዳይነኩት። ረጅም አገዳ አናቱ ከብዶት በነፋስ እንዳይወድቅ ከታችኞቹ አንጓዎች የሚወጣ ደጋፊ ነው፤ አፈር ሲያገኝ ቅርንጫፍ አውጥቶ ውኃም ይስባል። ጤፍ እንዲህ ያለ ድጋፍ ስለሌለው ነው ሲያፈራ የሚጋሸበው። ገበሬው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ሽልሻሎ ሲያደርግ አረሙን ይገለብጣል፣ በዚያውም አፈሩን ወደ ግርጌው ያስጠጋለታል። እርስዎም በመኮትኮቻ አፈር ያስታቅፉት።

ገና ቡቃያ ሳለ በግ ጨርግዶት መልሶ አቆጠቆጠ ያሉኝም በተአምር አይደለም። ያን ጊዜ የሚያድገው ጫፍ ገና ከአፈር በታች ነበር፤ አምስትና ስድስት ቅጠል በደንብ ከዘረጋ በኋላ ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር።

«ዘሩን ለከርሞ ላስቀምጥ?» ላሉት፦ የገዙት እንደ ቢኤች 660 ያለ ድቅል፣ ማለትም የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ ዘር ከሆነ አያስቀምጡ፤ ልጆቹ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ይሆናሉ፣ ምርቱም ይቀንሳል። እንደ መልካሳ 2 ያለ ድቅል ያልሆነ ዝርያ ከሆነ ይቻላል፤ ከጎረቤት በቆሎ ብናኝ የራቀውን፣ ከመሃል የበቀለውን እሸት ይምረጡ።