«ኩላሊቴን» ሲልሽ «ኩላሊት» ብለሽ አትጻፊ

ጥያቄ

ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። በባዮሎጂ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ ሥራ ግን የለኝም። አሁን እዚሁ ሆኜ በኢንተርኔት ለአሜሪካ ድንገተኛ ክፍሎች የሐኪም ጸሐፊ ለመሆን ሥልጠና ጀምሬያለሁ። ስክራይብ ይሉታል። ሐኪሙ በሽተኛውን ሲያነጋግር እኔ እያዳመጥሁ ቻርቱን፣ የሕክምና መዝገቡን፣ እሞላለሁ ማለት ነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ፈተና አለኝ። 600 ቃል አጥኚ ብለው ሰጥተውኛል። ጠዋት የያዝሁት ማታ ይጠፋኛል። ከሕክምና ተማሪዎች ጋር እንዴት እወዳደራለሁ? ከየት ልጀምር? እናቴ ደግሞ «ሌሊት ሌሊት ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» እያለች ነው። እሱንም ቢያስረዱልኝ።

ግራ የገባት፣ ከማራኪ

መልስ

ልጄ፣ ከእናትሽ ልጀምር። ኒው ዮርክ ከእኛ በበጋቸው 7፣ በብርዳቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። እዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆንና ድንገተኛ ክፍሉ ሲሞቅ፣ ማራኪ ላይ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ እትዬ፣ ልጅዎ ያለችው ከሐኪም ጋር ነው። እንዲያውም አታወራም፤ ታዳምጣለች። ከእርስዎ የሚፈለገው ጠዋት ስትተኛ አለመቀስቀስ ብቻ ነው። እኔም ቤት ይኸው ጠብ ነበር። 19 ዓመት ድንገተኛ ክፍል በነርስነት ሳድር አንድም ቀን ያልጠየቀኝ ባለቤቴ፣ ሳሎን ቁጭ ብዬ ላፕቶፕ ላይ በስክራይብነት ማደር ስጀምር ጠየቀኝ።

የሕክምና ተማሪዎቹን አትፍሪ። ይህ ሥራ በሽታ አውቃለሁ የሚለውን ነው ቶሎ የሚያስተው። እኔ ራሴ ስጀምር እጄ አላስቀምጥ አለኝ። ሰውዬው ተናግሮ ሳይጨርስ የበሽታውን ስም ጽፌ እቀመጥ ነበር። የመጀመሪያው ሐኪሜ «ሲስተር፣ እኔ ገና አላወቅሁትም፤ አንቺ ከየት አወቅሽው?» ብሎ ነው ያሳፈረኝ።

አሁን ወደ ቃሉ። 600ውን እንደ 600 አትያዢው። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ግስ ያወርዳል። ግሱ ካለው ሌላውን ያረባዋል። የሕክምናም ቃል አብዛኛው ከግሪክና ከላቲን የመጣ ቁርጥራጭ ነው። «ታኪ» ፈጣን፣ «ብራዲ» ዝግተኛ። «ካርዲያ» ልብ፣ «ፕኒያ» ትንፋሽ። በአራት ቁራጭ ብቻ ታኪካርዲያ፣ ብራዲካርዲያ፣ ታኪፕኒያና ብራዲፕኒያ አሉሽ። «ዲስ» ብትጨምሪ ዲስፕኒያ፣ ትንፋሽ የከበደው። «አይቲስ» ካየሽ የተቆጣ ነገር አለ፤ አፔንዲሳይቲስ የትርፍ አንጀት መቆጣት ነው። «ኤክቶሚ» ከሆነ ተቆርጦ ወጥቷል። ፊት ላይ የምትቀመጠው «አ» ደግሞ የእኛዋ «ኢ» ናት። ኢፍትሐዊ እንደምንለው፣ አፌብራይል ትኩሳት የሌለው፣ አፕኒያ ትንፋሽ የቆመበት። እኔ 40 ያህል ቁራጭ በካርቶን ጽፌ ማድ ቤት በር ላይ ለጥፌ ነበር። ልጆቼ ከእኔ ቀድመው ያዙት።

መጽሐፍ ለመግዛት አትጨነቂ። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በፈረንጆቹ 1954 ከተከፈተ ወዲህ ጎንደር የጤና ተማሪ አጥታ አታውቅም። ጎረቤትሽ ከሚከራይ ኢንተርን አሮጌ የቃላት ደብተሩን ለምኚው። የበሽተኛ ካርድ ግን አሳየኝ እንዳትይው።

ከጥናቱ ይልቅ የሚያስቸግረው መንታ ቃል ነው። ሄሞፕቲሲስ ከሳንባ በሳል የሚወጣ ደም ነው። ሂማቴሜሲስ ከሆድ በትውከት የሚመጣው። እኛ ሁለቱንም «ደም ተፋሁ» እንላለን፤ ለሐኪሙ ግን ሁለት የተለያየ መንገድ ናቸው። ዲስፋጂያ መዋጥ ሲያቅት ነው፤ ዲስፌዥያ ንግግር ሲበላሽ። «ኢሊየም» የሚባል ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ፣ ሌላው የዳሌ አጥንት። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ነው የሚለያቸው፤ በጆሮ ደግሞ ያውም የለም። ከሁሉ የከፋው «ሃይፖ» እና «ሃይፐር» ነው። አንዱ ዝቅ ያለ፣ ሌላው ከፍ ያለ። ሐኪሙ ጭንብል አድርጎ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ በችኮላ ሲናገር ልዩነቱ የመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ናት። ካልሰማሽ ጠይቂ። አንድ ጊዜ መጠየቅ ያሳፍራል፤ የስኳር ማነስን የስኳር መጨመር አድርጎ መጻፍ ግን ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቅዳሜ ገበያ ውለሽ ስትመጪ ስንቷ ሴት ናት ወገቧን ይዛ «ኩላሊቴን» የምትለው? ሸክም ይሆናል ወገቧን ያመማት። ኩላሊቷ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። አንቺ ያንን አታውቂም። የምታውቂው ሁለት ነገር ነው፤ ምን እንዳለችና እጇን የት እንዳሳረፈች። ቻርቱ ላይ የመጀመሪያው መስመር፣ ቺፍ ኮምፕሌይንት የሚሉት፣ የመጣበት ምክንያት ነው፤ የሚሻለው በራሱ በበሽተኛው ቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ መጻፍ ነው። «ልቤን» ብሎ እጁን ከእምብርቱ በላይ የሚያሳርፍ አለ። «ልብ» ብለሽ ብቻ ከጻፍሽ ሐኪሙን ወደ ሌላ ሰፈር ልከሽዋል። የብራና ቁም ጸሐፊ ከፊቱ ያለውን እንደሚገለብጥ፣ ከራስሽ አትጨምሪ።

ቀጥሎ የሕመሙ ታሪክ ነው። ኤችፒአይ ይሉታል። በእንግሊዝኛ የጥያቄዎቹን የመጀመሪያ ፊደላት ገጣጥመው ይሸመድዱታል። እኔ በአማርኛ ነው የያዝሁት፦ መቼ ጀመረ? የት ላይ? ስንት ጊዜ ይቆያል? ምን ዓይነት ነው፣ ውጋት፣ ቁርጠት ወይስ ማቃጠል? ምን ያባብሰዋል? ምን ያስታግሰዋል? ወዴት ይሄዳል? ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ? እናትሽ ቡና ሲያፈሉ ራሳቸውን ያመማቸው ቀን በእነዚህ ስምንት ጥያቄዎች ያዢያቸው። ከዚያ በአምስት መስመር በእንግሊዝኛ ጻፊው። በየቀኑ አንድ ጎረቤት። ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጥ ያስተምርሻል። ከ10 ስንት ስትያቸው «እሱ ያውቃል» ቢሉሽ እንዳትስቂ። በራስሽ 7 ብለሽም አትሙይ። ያሉትን ጻፊ፤ በቁጥር መግለጽ አልቻሉም በይ።

ብዙ ተማሪ የሚረሳው የሌለውን መጻፍ ነው። ደረቱን ያመመው ሰው ላብ አላጠመቀውም፣ ሳል የለውም፣ እግሩ አላበጠም ሲል፣ እያንዳንዷ «የለም» ለሐኪሙ አንድ በር ትዘጋለች። ነገር ግን ሐኪሙ የጠየቀውን ብቻ ነው የምትጽፊው። ሳይጠየቅ «ሳል የለውም» ካልሽ ዋሽተሻል።

ሰዓት ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ የራሴ ጠባሳ ነው። ነርስ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሐኪም ቤት፣ ከደምቢያ የመጡ አንድ አባት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደረሱ። ደረታቸውን ያዝ አድርገው «ከ8 ሰዓት ጀምሮ» አሉኝ። እኔም ካርዱ ላይ 8፡00 ብዬ ጻፍሁ። እሳቸው ያሉት ከሌሊቱ 8 ነው፤ በፈረንጅ 02፡00። ሐኪሙ በፈረንጅ ነው የሚያነበው። በእሱ ሰዓት አሁን 9፡00 ነው። ስለዚህ ሕመሙ ከጀመረ አንድ ሰዓት ብቻ መሰለው። ሰባት ሰዓት አልፎታል እኮ! ልቡ የተጎዳ ሰው ደሙ ውስጥ ትሮፖኒን የሚባለው ፕሮቲን ከፍ ብሎ እስኪታይ ሰዓታት ይወስዳል። በአንደኛው ሰዓት የተቀዳ ደም ደህና ቢወጣ ማንም አይተማመንበትም፤ ይደገማል። በሰባተኛው ሰዓት ከሆነ ሌላ ወሬ ነው። ስትሮክ ላይ ደግሞ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው፤ የሚቆጠረውም ሰውዬው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ከታየበት ሰዓት ነው። የእኔን ስሕተት ሐኪሙ ራሱ ደግሞ ሲጠይቃቸው አገኘው። እሳቸው ተርፈዋል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «ሌሊት ነው ቀን?» ሳልል ሰዓት ጽፌ አላውቅም። አንቺ የምትሠሪው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል የስልክሽን ሰዓት ዛሬውኑ ቀይሪው።

የአሜሪካኖቹን ነገር ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ። ትኩሳት በፋራናይት ነው፤ 100.4 ማለት የእኛ 38 ነው። ክብደት በፓውንድ፣ ኪሎው 2.2 ፓውንድ። ቀን ሲጽፉ ወሩ ይቀድማል። ፓራሲታሞልን አሲታሚኖፌን ወይም ታይለኖል ይሉታል፤ አድሬናሊንን ኤፒነፍሪን፤ የአስም መድኃኒቱን ሳልቡታሞል ደግሞ አልቡቴሮል። የልብ ምርመራው ኢሲጂ እዚያ ብዙ ጊዜ ኢኬጂ ነው። ትሪያጁ፣ ማን ቀድሞ እንዲታይ የሚለይበት፣ እንደ እኛ በቀይና በቢጫ ሳይሆን ብዙ ቦታ ከ1 እስከ 5 ነው፤ 1 በጣም የከበደው። የራስ ጉዳት ላይ የምትሰሚው የግላስጎው የንቃት መለኪያ ደግሞ በፈረንጆቹ 1974 ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራ ነው። ዓይን 4፣ ንግግር 5፣ እንቅስቃሴ 6፣ ድምሩ 15። ዝቅተኛው 3 ነው፤ ዜሮ የሚባል የለውም። ሐኪሙ ሦስቱን ለየብቻ ከተናገረ ድምሩን ብቻ ጽፈሽ አትለፊ።

ምርመራው ላይ ከሐኪሙ አፍ ያልወጣ አትጻፊ። ኮምፒውተሩ በአንድ ጠቅታ «ሁሉም ደህና» ብሎ የሚሞላ ቅጽ አለው። እሱ ነው ወጥመዱ። አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው ቻርት ላይ «ሁለቱም እግሮች ደህና» ተብሎ የሚወጣው በዚህ ነው። መድኃኒት ማዘዝ ያንቺ አይደለም። የጻፍሽውን ሐኪሙ አንብቦ ይፈርምበታል። የሰማሽውን ደግሞ ቡና ላይ አታወሪም፤ አሜሪካኖቹ ለዚህ በፈረንጆቹ 1996 የወጣ ሕግ አላቸው፤ ሂፓ ይሉታል። ጎንደር ላይ ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ ለአንቺ አልነግርሽም።

አንድ ሌሊት፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ አማርኛ ተናጋሪ እናት በአስተርጓሚ ቀረቡ። «ጎኔን ብርድ መታኝ፣ ስተነፍስ ይወጋኛል» አሉ። አስተርጓሚው፣ ምናልባት እዚያው ያደገ ልጅ ይሆናል፣ «ጉንፋን ይዟታል» ብሎ ተረጎመው። ምን ላድርግ? ጉንፋን አይደለም ብዬ ቻርቱን በራሴ ብለውጥ ሐኪም ሆንሁ። ዝም ብል ውጋቱ ጠፋ። አስተርጓሚው ያለውን እንዳለ ጻፍሁና ለሐኪሙ በመልእክት መስመሩ «ያሉት ሌላ ነው፤ ጎናቸውን፣ ሲተነፍሱ፣ እንደሚወጋቸው ነው፤ ደግመው ይጠይቁልኝ» አልሁት። ጠየቀ። ከዚያ ከራሱ አፍ የወጣውን ጻፍሁ። ያንቺም ሥራ ልኩ እስከዚያ ነው።

ጥያቄ

ሲስተር፣ እኔ አዘዞ የምሠራ ነርስ ነኝ። ካርድ ላይ የትኛውን ቃል ባሳጥር ችግር የለውም? ስሳሳትስ በፍሉድ አጥፍቼ ብጽፍበት?

መልስ

ወንድሜ፣ ማሳጠርን በተመለከተ ጆይንት ኮሚሽን የሚባለው የአሜሪካ ተቋም በፈረንጆቹ 2004 አትጠቀሙ ያላቸው ጥቂት አጻጻፎች አሉ። ለእኛም ይሠራሉ። ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ አትጨምር። 1.0 ሚሊግራም ነጥቧ ካልታየች 10 ትሆናለች። ከነጥብ በፊት ግን ዜሮ አትርሳ፤ 0.5 እንጂ ነጥብ 5 ብቻ አይደለም። ኢንሱሊን ላይ ዩኒትን በአንድ ፊደል አትጻፍ። ፊደሏ ዜሮ ትመስልና 4 የነበረው 40 ይሆናል። ሞርፊንና ማግኒዥየምንም በሙሉ ስማቸው ጻፋቸው፤ ሲያጥሩ አንዱ በሌላው ይሳሳታል።

ፍሉድ አይሆንም። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዝ፤ ከሥር ያለው ይነበብ። አጠገቡ ትክክለኛውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ፊርማህን አስቀምጥ። ፍሉዱን ለልጅህ ደብተር ተውለት።