ያቺን ትንሽ ጌም ባላጠፋት ኖሮ

ባለፈው ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ያለችው ካፌ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ብዬ አንድ የሰፈር ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣና "ጋሼ፣ ይቺን ትንሽ ጌም ለሰው ልልቀቃት ወይስ ትልቁ የመኪና ሬስ እስኪያልቅ ልጠብቅ?" አለኝ። አስቤ እነግርሃለሁ ብዬ ሸኘሁት፣ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ1998 ዓ.ም ነው። እኔና አንድ ጓደኛዬ ቃሊቲ ኮምፒውተር እናስተምር ነበር። እህቱ ከዱባይ ኤክስቦክስ የሚባል የጌም ማጫወቻ ላከችለትና ፕሮጀክት ጎተም ሬሲንግ 2 የሚባል የመኪና ሬስ ጌም አብሮ መጣ። የሰራው ቢዛር ክሪኤሽንስ የሚባል የሊቨርፑል ስቱዲዮ ነው፣ እኛ ደሞ ሊቨርፑል ሲባል ከኳስ ሌላ ነገር ያለ አይመስለንም ነበር። በዚህ ጌም መፍጠን ብቻ አይበቃም፣ አነዳድህ ካማረ ኩዶስ የሚባል ነጥብ ይሰጥሃል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2000 ድሪምካስት ለሚባል ሌላ ማጫወቻ በሰሩት ጌም የለንደንን፣ የቶኪዮንና የሳንፍራንሲስኮን መንገድ እውነተኛውን አስመስለው ሰርተውታል፣ ሰዓቱ ሳይቀር የከተማው ነው፣ ቶኪዮ ከመሸ ጌሙም ውስጥ ይመሻል።

እኛስ የራሳችንን ለምን አንሰራም አልን፣ ከሳሪስ አቦ እስከ አቃቂ ያለውን መንገድ በሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ! ከሰርግ ፎቶ አንሺ ካሜራ ተውሰን እሁድ እሁድ በጠዋት እየዞርን የቆርቆሮ አጥር፣ ጎማ ቤት፣ ያገኘነውን ሁሉ እናነሳለን። አንዴ አንድ ዘበኛ ዱላውን ይዞ ደረሰብንና ለጌም ነው ስንለው "ቁማር ቤት ልትከፍቱ ነው?" አለን።

የጌሙን መንገድ ኮምፒውተር ላይ የምሰራው እኔ ነበርኩ፣ እሱም ደሞ አላልቅ አለኝ። ጓደኛዬ መጠበቅ ሲሰለቸው በሶስት ሌሊት የራሱን ጌም ሰራ። አንተ የታክሲ ረዳት ነህ፣ ተሳፋሪው ብር ይሰጥሃል፣ "ወራጅ አለ!" ከማለቱ በፊት መልሱን ቆጥረህ መስጠት አለብህ፣ ካጎደልክ ይሰድብሃል። የስሙኒዋን ድምፅ የቀዳው የእናቱን ሲኒ በማንኪያ እየመታ ነው። ተማሪዎቹ ትምህርቱን ትተው እዛች ኮምፒውተር ጋ ተሰለፉ። እኔ ተናደድኩ፣ ምናልባትም ቀናሁ። "እኛ የምንሰራው ሬስ ነው፣ ይሄ የህፃን ጨዋታ ነው" አልኩና ልጆቹ ፊት አጠፋሁት። ምንም አላለኝም፣ የማይኩን ገመድ ቀስ ብሎ ጠቀለለና ወጣ። በሚቀጥለው እሁድ አልመጣም። የኔም መንገድ ቃሊቲ መናኸሪያን ሳያልፍ ቀረ፣ ሚኒባሷም እስከመጨረሻው ግድግዳ ሰንጥቃ እንደገባች ናት።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ፣ ያ የምናመልከው ጌም ውስጥ ጋራዡ ጋ አንድ የድሮ ጌም ማሽን ቆሟል። ለጌጥ መስሎኝ በየቀኑ አልፈው ነበር። ውስጡ ያለችው ግን ስቴፈን ኬክብሬድ የሚባል ፕሮግራመራቸው ጆይስቲክ ሊሞክር ብሎ የጀመራት ጂኦሜትሪ ዋርስ የምትባል ትንሽ ጌም ናት፣ እነሱ አላጠፏትም፣ ጋራዡ ውስጥ ከተቷት። እ.ኤ.አ. በ2005 ለኤክስቦክስ 360 ለብቻዋ ወጥታ ጉድ ተባለላት። እኔ የጓደኛዬን ባጠፋሁበት ሰሞን ማለት ነው።

ትልቅ መሆንም ቢሆን አላዳናቸውም። አክቲቪዥን የሚባል ትልቅ የጌም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ገዛቸው፣ ብለር የሚባለው የመኪና ሬስ ጌማቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ግንቦት ላይ ሲወጣ ስፕሊት ሰከንድና ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን የሚባሉ የሌሎች ስቱዲዮዎች ጌሞችም በዚያው ወር ወጡ፣ ብለር የታሰበውን ያህል ሳይሸጥ ቀረ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የካቲት ስቱዲዮው ተዘጋ። 200 ሰው አካባቢ ነበሩ።

ስለዚህ ልጄ፣ የምትተዳደርበትን ስራ አትተው። ቆይ፣ እኔ መቼ ተውኩ፣ ምንስ ሆንኩ? እሱን ራስህ እወቅበት። ኮፒ አስቀምጡ ምናምን አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። የዘንድሮ ልጆች ግን ጌሙ ሳይኖር ሎጎና የቴሌግራም ቻናል የምታስቀድሙት ነገር አይገባኝም፣ እኛን አንድ ዓመት የፈጀብንን በአንድ ወር ከዩቲዩብ ትማሩታላችሁ እኮ፣ በዚህስ እቀናለሁ። ያቺን ትንሿን ልቀቃት።

ትናንት ለጓደኛዬ ደወልኩለት፣ ከስንት ዓመት በኋላ። ስለዚያ ጌም ይቅርታ ልጠይቅህ ነው አልኩት።

"የትኛው ጌም?" አለኝ። ዝም አልን። ከዛ "የሲኒዋ ነው?"